የ1965 ቮልስ የፍሬን ቱቦዎችን በአዲስ ስለመተካት፦ የትኛው ቱቦ፣ የትኛው ዳዶ?

ቀይ ቮልስ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ አንድ ቮልስ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከነበረበት አንሥቼ ወደ ቀድሞ ይዞታው ለመመለስ ስሠራ ከርሜአለሁ። የላሜራና የቀለም ሥራው አልቋል፣ ሞተሩም ይነሣል፤ የቀረኝ ፍሬኑ ነው። መኪናውን በካቫሌቶ ላይ አስቀምጬ ስመረምር ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ የፍሬን ቱቦ ላይ ላዩን ሲታይ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ቱቦውን ጨብጦ የያዘውን ማሰሪያ ቀና ሳደርገው ከሥሩ ያለው ብረት በጥፍሬ ስነካው እንደ ቅርፊት ተላጠ። በኋላ እግር ላይ ያለውን፣ ቱቦውን የሚያስረውን ዳዶ ለመፍታት ስሞክር ደግሞ ዳዶው ከቱቦው ጋር በዝገት ተያይዞ ስለነበር ቱቦውን አብሮ ጠምዝዞ በጠሰው። በዚህ ምክንያት የተበላሸውን ብቻ ቆርጬ ከመቀጠል ይልቅ ሁሉንም ቱቦዎች ለመለወጥ ወስኛለሁ።

የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ጥቅል፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ዳዶና የቱቦ አፍ ማውጫ መሣሪያ ገዝቻለሁ። ሆኖም አዲሱን ዳዶ በኋላ እግር ሲሊንደር ላይ በጣቴ ስሞክረው ሁለት ሦስት ዙር ያለ ችግር ይገባና በጎን ስነቀንቀው ይንቀጠቀጣል፤ አሮጌው ዳዶ ግን በዚያው ቀዳዳ ምንም አይነቃነቅም። በቁልፍ ሲጠብቅ ይስተካከላል ብዬ ልቀጥል ወይስ ዳዶው የተሳሳተ ነው? ከዚህ ሌላ፣ ስለ ቱቦው ዓይነት የተለያየ ምክር እየሰማሁ ተቸግሬአለሁ፤ አንዱ መዳብ አድርግ ይለኛል፣ ሌላው የማይዝግ ብረት ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ታጥፎና አፍ ወጥቶለት የተዘጋጀ ሙሉ ስብስብ ግዛ ይላል። የጎማ ቱቦዎቹ ስንጥቅ ስለሌለባቸው ሳልነካቸው ልተዋቸው አስቤአለሁ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሞርሳ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ያ የሚንቀጠቀጠው ዳዶ ከቀዳዳው ይውጣ፤ ቁልፍም አያሳርፉበት። ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ዳዶዎች በኢንች የሚለኩት፣ የአሜሪካና የአንዳንድ የእንግሊዝ መኪኖች የሚጠቀሙባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። የእነዚያ ውፍረት ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አላቸው። የእርስዎ ቮልስ የሚፈልገው ግን ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። የኢንቹ ዳዶ ጥርስ ርቀት 1.06 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ለጥቂት ዙር ይመሳሰላሉ፤ አንደኛው ቀጠን ስለሚልም ሳያስቸግር ይገባል። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሲጠብቅ የሚይዘው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ በመሆኑ ወይ ገና ሲጠብቅ ይላጣል፣ ወይም ደግሞ፣ ይህ የባሰው ነው፣ በሚጠብቅበት ጊዜ የያዘ መስሎ ፍሬን በኃይል በተረገጠበት ቀን ይለቃል። በኃይል ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከ70 ባር በላይ እንደሚደርስና በጎማ ውስጥ የምንነፋው አየር ግን ሁለት ባር ገደማ ብቻ እንደሆነ ቢያነጻጽሩት የዳዶው ጥርስ ምን እንደሚሸከም ይገባዎታል።

የእርስዎ መኪና ደግሞ ባለ አንድ መስመር ፍሬን ነው። አራቱም እግሮች የሚሠሩት በአንድ ማስተር ሲሊንደር በሚገፋ አንድ ዘይት ስለሆነ ከአንዱ ቦታ ቢፈስ አራቱም አብረው ይጠፋሉ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ቢትል (እኛ ቮልስ የምንለው) ባለ ሁለት መስመር የሆነው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የአሜሪካ ሕግም ይህንኑ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ላይ አንዲት ዳዶ እንኳ በግምት አትገባም።

ከዳዶው ጋር አብሮ መታየት ያለበት የቱቦው አፍ ቅርጽ ነው። ገና አፍ ማውጣት ሳይጀምሩ በባትሪ መብራት የሲሊንደሩን ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ከቀዳዳው ወለል መካከል እንደ ትንሽ ጉብታ ወደ እርስዎ የወጣ ሾጣጣ ካዩ ያ ቀዳዳ የሚፈልገው ደብል ፍሌር የሚባለውን፣ ማለትም የቱቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ጥሩምባ በ45 ዲግሪ የተከፈተውን አፍ ነው። ወለሉ በተቃራኒው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ የሰመጠ ከሆነ ግን የሚፈልገው በብል ፍሌር ነው፤ ይህም የቱቦው ጫፍ እንደ እንጉዳይ ራስ ያበጠበት ነው። የእርስዎ መኪና ሁለተኛው ዓይነት ነው። የዳዶዎቹም መልክ ይለያል፤ የበብል ፍሌር ዳዶ ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ ጥርስ የሌለው አጭር አንገት ሲኖረው የደብል ፍሌሩ ግን እስከ ጫፉ ድረስ ጥርስ አለው። የተሳሳተ አፍ በተሳሳተ መቀመጫ ላይ ቢጠብቅ አንዳንዴ ለጊዜው ሳይፈስ ይቆያል፤ መቀመጫውን ግን ይጨፈልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቱቦ ቢመጣም አይገጥምም።

አፍ አወጣጡን በተመለከተ፣ ቱቦውን በሴጌቶ አይቁረጡ፤ ሴጌቶ ጫፉን ያጣምማል፣ ብናኙንም ወደ ውስጥ ይጥላል። በክብ የሚዞረውን የቱቦ መቁረጫ ይጠቀሙና በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ይቁረጡ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከጠበቀ የቱቦውን አፍ ያጠበዋል። ከቆረጡ በኋላ ጫፉን በሊማ ቀጥ አድርገው ውስጡንም ውጩንም ከስለት ያጽዱ። ዳዶውን ቱቦው ላይ ያስገቡ፤ ይህን የምለው ውብ አፍ አውጥቶ ዳዶውን የረሳ ሰው ቱቦውን እንደገና ከመቁረጥ በቀር መውጫ ስለሌለው ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደቆረጥሁ አልናገርም። ቱቦው ከመያዣው የሚወጣበትን ልክ በመሣሪያው መለኪያ ያስተካክሉና መያዣው እንዳይንሸራተት በደንብ አጥብቀው፣ ጫፉ ላይ የፍሬን ዘይት ጠብ አድርገው ቀስ ብለው ይጫኑ። የወጣው አፍ ዙሪያውን እኩል፣ ከቱቦው መሐል ያልወጣ፣ ስንጥቅም እጥፋትም የሌለበት መሆን አለበት። መኪናው ላይ ከመሄድዎ በፊት በቁርጥራጭ ቱቦ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይለማመዱ። ዳዶውን የሚያጠብቁት ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል ነው፤ የሚጠቀሙበትም ቁልፍ ቱቦውን የሚያሳልፍ ክፍተት ኖሮት ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዘው ዓይነት ይሁን፤ ተራው አፈ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል።

ብረት ወዳድ፦

ሞርሳ ስለ ዳዶው በጻፈው እስማማለሁ። ስለ ቱቦው ግን የምመክርዎት የማይዝግ ብረት ነው። አንድ ጊዜ ከገባ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ መልኩም ያማረ ነው።

አሮጌ ካቻቢቴ፦

ብረት ወዳድ ስለ ዕድሜው የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን የፍሬን ቱቦ ዋና ሥራው አለመዛግ ብቻ ሳይሆን መቀመጫው ላይ ገጥሞ ዘይት አለማሳለፍም ነው። የማይዝግ ብረት ጠንካራ በመሆኑ በተራ የእጅ መሣሪያ አፍ ሲወጣለት ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ቢወጣለትም እንደ ለስላሳው ብረት በመቀመጫው ቅርጽ ተጨፍልቆ ስለማይገጥም በትንሽ ጉድለት ያንጠባጥባል። በእሽቅድምድም መኪኖች ላይ የሚያዩት የማይዝግ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ በ37 ዲግሪ በተከፈተ አፍና ለብቻው በሚገባ ቀለበት የሚታሰር በመሆኑ ነገሩ የተለየ ነው። በፋብሪካ ጥሩ አፍ የወጣለት ስብስብ ካገኙ አይከፋም፤ ከጥቅል ቆርጦ በቤት ለሚሠራ ሰው ግን አልመክርም።

ንጹሕ መዳብ ተዉት። መታጠፉ ደስ ይላል፣ ለማንም ጀማሪ አፍ ይወጣለታል፤ ነገር ግን በየጊዜው በሚደርስበት መንቀጥቀጥና መታጠፍ እየጠነከረ ይሄድና ዳዶው አጠገብ ይሰነጠቃል። ለማቀዝቀዣ የተሠራ የመዳብ ቱቦ በፍሬን ላይ ያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ለምን እንዳደረጉት ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ ‘ልኩ ገጠመ’ ብለው ነው።

በእነዚህ ምትክ እኔ የምመርጠው ዘጠኝ እጁ ገደማ መዳብ፣ አንድ እጁ ኒኬል የሆነውን፣ ጥቂት ብረትና ማንጋኒዝም ያለበትን ድብልቅ ነው። በመርከቦች ላይ የባሕር ውኃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች የሚሠሩት ከዚሁ ድብልቅ በመሆኑ ጨውና እርጥበት አይደፍሩትም፤ ቮልቮም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለፍሬን ቱቦ ተጠቅሞበታል። በእጅ ይታጠፋል፣ አፉም ሳይሰነጠቅ ይወጣል። ጉድለቱ መልኩ ነው፤ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ስለሆነ መኪናውን ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ለማሳየት ለሚፈልግ ሰው ዓይን ይወጋል። እንደዚያ ከሆነ ጠያቂው የገዙት የብረት ቱቦ ራሱ ትክክለኛው ነው። የፍሬን የብረት ቱቦ በእርግጥም ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ከሆነ ላሜራው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በቀለጠ መዳብ የተበየደ ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ የድሮውም ይኸው ነበር፤ ብዙ አሥርት ዓመታትም ቆይቷል። የበላውም ቢሆን በማሰሪያው ሥር የተጠራቀመ ጭቃና ውኃ ነው፤ አዲሱን ሲያስሩ ከማሰሪያው ሥር ጎማ ነገር ያድርጉለት።

የተዘጋጀውን ስብስብ በተመለከተ ጊዜ ለሌለው ሰው መልካም ነው። ሆኖም ለማጓጓዝ እንዲመች ረጅሙ ቱቦ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ማቃናቱና እንደገና ማጠፉ አይቀርልዎትም፤ መሪው በግራ ለሆነ መኪና ይሁን በቀኝ መሆኑንም አስቀድመው ያረጋግጡ። አሮጌዎቹን ቱቦዎች ግን በምንም ምክንያት አይጣሉ፤ የተበጠሰውንም ጭምር። ከሥር መሬት ላይ ዘርግተው አዲሱን ከላያቸው እያስተያዩ ሲያጥፉ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣሉ። ለማጠፍ ቱቦው የሚያርፍበት ጎድጓዳ መዘውር ያለው ማጠፊያ ይጠቀሙ፤ ቱቦው አንዴ ከተጨመደደ ያ ክፍል አለቀለት። በመቁረጫው ቆርጦ በቀለበት በሚጣበቅ የውኃ ቧንቧ መቀጠያ ማገናኘትማ ጨርሶ አይታሰብ።

የዝናብ መጥረጊያ፦

ስለ ጎማ ቱቦዎቹ ማንም ስላልጻፈ እኔ የደረሰብኝን ልንገርዎት። እኔም ከዓመታት በፊት የአንድ አሮጌ መኪና የብረት ቱቦዎቹን ሁሉ ለውጬ የጎማዎቹን ‘ስንጥቅ የላቸውም’ ብዬ ተውኋቸው። በመጀመሪያው ጉዞ መሪው ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ፤ ቆሜ ስወርድ የፊት ቀኝ ቸርኬው ለእጅ አይቀመስም ነበር። በክሪክ ባነሣው አይዞርም። አየር ማስወጫውን ብሎን ስከፍት ዘይቱ ተስፈንጥሮ ወጣና እግሩ ተለቀቀ። ችግሩ ከማስተር ሲሊንደሩ ይሁን ከጎማ ቱቦው ለመለየት እንደገና ፍሬን አስረግጬ በዚህ ጊዜ የከፈትሁት ከጎማ ቱቦው በላይ ያለውን የብረት ቱቦ ዳዶ ነበር፤ እግሩ እንደታሰረ ቀረ። በዚያ ጊዜ በሽታው ጎማው ውስጥ እንደሆነ አወቅሁ። ፈትቼ በምላጭ ርዝመቱን ስሰነጥቀው ውጩ እንደ አዲስ፣ ውስጡ ግን አብጦ የቀረው ቀዳዳ መርፌ የሚያሳልፍ ብቻ ነበር፤ ከውስጥ የተላጠ ቁራጭም እንደ በር ሆኖ ዘይቱን ወደ እግሩ ያሳልፋል፣ ሲመለስ ይዘጋል። የእግር ጉልበት ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ የፍሬን ሸራው መላሽ ሞላ ግን መልሶ ሊገፋው አቅም የለውም።

ስለዚህ አራቱንም የጎማ ቱቦዎች ይለውጡ። አዲስ የፍሬን ጎማ ቱቦ ላይ በሁለቱም ጎን ርዝመቱን የሚከተል መስመር ካለ ለጌጥ አይደለም፤ ሲታሰር ቱቦው ከተጠመዘዘ መስመሩ እንደ ክር ዞሮ ይታያል። ካሰሩ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም ወገን እያዞሩ ከጎማና ከላሜራ ጋር እንደማይነካካ ይመልከቱ። እንዲሁም የፔዳሉ ገፊ ዘንግ ከማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን ጋር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖረው ያስተካክሉ፤ ያ ክፍተት ከሌለ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሿ ቀዳዳ ትዘጋና አራቱም እግሮች አብረው ይታሰራሉ።

አሮጌ ካቻቢቴ፦

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ዘይቱ። የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ከሆኑት ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 እርስ በርስ የሚዛመዱ ናቸው፤ ዶት 5 ግን በቁጥር ቢቀራረብም ሲሊኮን በመሆኑ ከእነርሱ ጋር አይቀላቀልም። ሲሊኮኑ ቀለም ስለማይበላ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ይወዱታል፤ እኔ ግን ለሚነዳ መኪና ዶት 4 እመርጣለሁ። አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን መፍያው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል በየሁለት ዓመቱ ይለውጡት። አዲሱ ቀለምዎ ላይ ጠብ ካለ ሳይውል ሳያድር በብዙ ውኃ ይጠቡት፤ በጨርቅ ማሸት ቀለሙን አብሮ ያነሣዋል።

ቀይ ቮልስ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትክክለኛዎቹን ዳዶዎች አግኝቼ በጣቴ ስሞክራቸው እንደ አሮጌው ሳይነቃነቁ ገቡ። በባትሪ ስመለከትም መቀመጫው ሞርሳ እንደ ጻፉት ጎድጓዳ ነው፤ ከረጢቱን መልሼአለሁ። አራቱንም የጎማ ቱቦዎች ለውጬ፣ አንዱን ለማየት ያህል ስሰነጥቀው ግማሹ የተዘጋ ነበር። አየሩን ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው የኋላ እግር ጀምሬ አስወጣሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ችግር ነው። በየዳዶው ላይ ነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ረግጬ ስይዘው ሁሉም ደረቅ ሲሆን ከኋላ ባለው ባለ ሦስት አፍ መገናኛ ላይ ያለው አንዱ ወረቀት ይረጥባል። ትንሽ ጨምሬ አጠበቅሁት፤ ይቀንሳል እንጂ አያቆምም። አሁንም ልጨምር?

ሞርሳ፦

አይጨምሩ። በልኩ ጠብቆ ያላቆመ አፍ በጉልበት አያቆምም፤ ቢያቆምም መቀመጫውን ጎድቶ ነው። ፈትተው አፉን በጨርቅ ይጥረጉና በብርሃን ይመልከቱት። ያበጠው ራስ ላይ መቀመጫው የተወው የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይኖራል። ቀለበቱ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ከታየ ጥፋቱ ከመገናኛው ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከታየ ግን አፉ ከመሐል ወጥቷል።

ቀይ ቮልስ፦

ቀለበቱ ሙሉ አልነበረም፤ እንደ አዲስ ጨረቃ በአንድ ወገን ብቻ ነበር። መያዣው ላይ ቱቦው ትንሽ ተንሸራቶ ኖሯል፤ የመያዣው ጥርስ የተወው ጭረት ከአፉ ጀርባ ይታያል። ቆርጬ እንደገና አፍ ባወጣለት ርዝመቱ ስለማይበቃ ያንን አጭር ቱቦ በሙሉ አዲስ ሠራሁትና አየሩን ደግሜ አስወጣሁ። ወረቀቶቹን ሌሊቱን እንደተጠቀለሉ ትቼ ጠዋት ሳያቸው ሁሉም ደረቅ ናቸው፤ ፔዳሉም ሲረገጥ ከላይ ይይዛል። ነገ በቀስታ አስነድቼ ስመለስ እነዚያኑ ወረቀቶች እንደገና ጠቅልዬ አያለሁ።